በአዲስ አጓጓዥ ላይ ምን ያህል ይጫን?

ነጋዴ ዕቃውን ከመጫኑ በፊት ሦስት ነገር መጠየቁ የቆየ ልማድ ነው። አንደኛ፣ የሚያጓጉዝልኝ ማነው ይላል፤ ሁለተኛ፣ የማጓጓዣው ዋጋ ስንት ነው ይላል፤ ሦስተኛ፣ ዕቃው በመንገድ ቢጠፋ ጉዳቱ በማን ላይ ያርፋል ይላል። አጓጓዡ መንገዱን ብዙ ጊዜ የተመላለሰበት ከሆነ መልሱ አያስቸግርም፤ ያለፈው ሥራው ይመሰክርለታልና። ችግሩ የሚመጣው አጓጓዡ ገና የመጀመሪያ ጉዞውን ለማድረግ የተነሣ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ ምስክር የለም፤ ያለው ቃል ብቻ ነው። ነጋዴውም ወይ ቃሉን አምኖ መጫን፣ ወይም ሌላው እስኪሞክርለት ድረስ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።

ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ ዕቃ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ባልተጓዘ አጓጓዥ ላይ ተጭኖ ከምድር ተነሣ። አጓጓዡ «ሎንግ ማርች 8» የተባለው አዲስ የቻይና ሮኬት ነበር፤ የስሙም ትርጓሜ «ረጅሙ ጉዞ» ማለት ነው። የተነሣበት ስፍራ በደቡብ ቻይና በሃይናን ደሴት የሚገኘው የዌንቻንግ የሮኬት ጣቢያ ነው። ዕቃውም «ኢቲ ስማርት አር ኤስ ኤስ» የምትባለው የኢትዮጵያ ሁለተኛ ሳተላይት ነበረች።

ይህ ወሬ በደባርቅና በዳባት ገበያ ብዙ ሳይነገርለት ቢያልፍ የሚያስደንቅ አይሆንም። በዚያ ወቅት የሰሜኑ ጦርነት ከተነሣ ሰባት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ ከሊማሊሞ ወርዶ ወደ ሽሬ ይዘልቅ የነበረው ንግድ ተቋርጦ የሰው ሁሉ ልብ በሌላ ጉዳይ ተይዞ ነበር። ወሬውን የሰማም ቢኖር፣ ይህ የመንግሥትና የሊቃውንት ጉዳይ እንጂ የባለሱቅ ጉዳይ አይደለም ብሎ ሳያልፈው አልቀረም። ነገሩ በሚገባ ሲመረመር ግን ከሁሉ አስቀድሞ የንግድ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ጥያቄው ነጋዴ ዘወትር የሚጠይቀው ጥያቄ ነውና፤ ባልተፈተነ አጓጓዥ ላይ ምን ዓይነት ዕቃ፣ ምን ያህልስ ይጫናል?

በመጀመሪያ ስለ አጓጓዡና ስለ ጭነቱ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ሎንግ ማርች 8 ቁመቱ ከ50 ሜትር የሚበልጥ፣ ነዳጁን ሞልቶ ሲነሣ ክብደቱ 356 ቶን ያህል የሚሆን ሮኬት ነው። ከዚህ ሁሉ ክብደት ውስጥ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሊያደርሰው የሚችለው ጭነት ከ4 ቶን ተኩል ገደማ አይበልጥም። የቀረው ሁሉ ነዳጅና የራሱ አካል ነው። በጭነት መኪና ቢመሰል፣ አርባ አምስት ኩንታል ለማድረስ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ኩንታል የሚያህል መኪናና ነዳጅ ማንቀሳቀስ ማለት ነው። የጠፈር ማጓጓዣ ዋጋ ከፍ የሚልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ሮኬቱ የተሠራው በተለይ ለንግድ ጭነት እንዲያገለግል ታስቦ ሲሆን፣ አካሉም ከሁለት ቀደም ያሉ ሮኬቶች ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። የታችኛው ክፍል ከሎንግ ማርች 7፣ የላይኛው ክፍል ከሎንግ ማርች 3 ወገን የተወሰደ ነው። ስለዚህ ክፍሎቹ በየራሳቸው የተፈተኑ ቢሆኑም፣ አንድ ላይ ተጋጥመው ሲጓዙ ያ ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

በዚያ ቀን የተጫኑት ሳተላይቶች አምስት ናቸው። ዋናው ጭነት አዳዲስ መሣሪያዎችን ለመሞከር የተሠራ የቻይና ሳተላይት ነበር፤ ሌሎቹ ትንንሾቹ በእርሱ ላይ ተደርበው ተጫኑ። የኢትዮጵያዋ ሳተላይት ከቻይና ኩባንያ ጋር በመተባበር የተሠራች ስትሆን ክብደቷ ከ10 ኪሎ ግራም በታች ነው፤ አንድ ተማሪ በሻንጣ ይዟት ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። ሥራዋም ከሰማይ ሆኖ የምድርን ፎቶግራፍ ማንሣት ነበር። ሮኬቱም አምስቱን ጭነቶች በታሰበላቸው ምሕዋር፣ ማለት ምድርን በሚዞሩበት መንገድ ላይ፣ በደኅና አኖራቸው።

አሁን ይህን ከአንድ ዓመት በፊት ከተደረገው ጋር ማመዛዘን ይገባል። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት «ኢቲ አር ኤስ ኤስ 1» ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የታይዩዋን ጣቢያ ስትነሣ፣ ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል፣ ወጪዋም 8 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር፤ ከዚህም ውስጥ 6 ሚሊዮን የሚያህለውን የቻይና መንግሥት ችሏል። ይህች ውድ ዕቃ የተጫነችው ግን በአዲስ ሮኬት ላይ አልነበረም። ሎንግ ማርች 4ቢ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሲመላለስ የኖረና በዚያ ሁሉ ዘመን የተሰናከለው አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ፣ በነጋዴ ቋንቋ የታወቀ አጓጓዥ ነበር። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ነው፤ ውዷና ብቸኛዋ በተፈተነው ላይ፣ ትንሿና ሁለተኛዋ በአዲሱ ላይ ተጫኑ። የዚህ አሠራር ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ ልምድ ያለው ነጋዴ ቢጠየቅ የሚመክረው ይህንኑ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ ፍርሃት አለመሆኑን የሌሎች አገሮች ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 የአውሮፓ አገሮች አሪያን 5 የተባለውን አዲስ ሮኬታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሡ፣ ክለስተር የተባሉትን አራት የምርምር ሳተላይቶች አንድ ላይ ጫኑበት። ሮኬቱ ከተነሣ 40 ሴኮንድ ሳይሞላው ከመንገዱ ወጥቶ ፈነዳ፤ አራቱም ሳተላይቶች አብረው ጠፉ። ምክንያቱ ሲመረመር አቅጣጫ የሚመራው መሣሪያ ከቀድሞው ከአሪያን 4 የተወሰደ ሆኖ ተገኘ። አዲሱ ሮኬት ከአሮጌው ይልቅ ፈጥኖ ስለሚሄድ፣ አንዱ ቁጥር በአሮጌው ሒሳብ ከተመደበለት ቦታ በላይ ሆኖ መሪው ሥራውን አቆመ። የአሮጌ መኪና የለመደ ሾፌር በአዲስ መኪና ላይ ተቀምጦ ቁልቁለቱን በድሮው ልማድ ሊወርድ ቢሞክር የሚደርስበትን ያህል ነው።

የዚህ ታሪክ መጨረሻ ግን ከመጀመሪያው ይበልጥ ያስተምራል። አውሮፓውያን አራቱን ሳተላይቶች እንደገና ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲልኳቸው፣ ሁሉንም በአንድ ሮኬት ላይ አልጫኑም። ብዙ ዘመን በተፈተነው በሩሲያው ሶዩዝ ላይ ሁለቱን በሐምሌ፣ ሁለቱን ደግሞ በነሐሴ ከፍለው ላኩ፤ አራቱም በደኅና ደረሱ። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው የአበው ቃል በዚህ ቦታ እውነተኛነቱን አሳይቷል።

ይህ የአሪያን ትምህርት እየታወቀ ከብዙ ዘመን በኋላም ሌሎች በዚያው ጉድጓድ ወድቀዋል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ኤች 3 የተባለውን አዲስ ሮኬቷን ስታስነሣ፣ ለመሬት ፎቶግራፍና ለአደጋ ጊዜ እርዳታ ታስቦ የተሠራውን ውድ ሳተላይት ዳይቺ 3ን ጫነችበት። የሮኬቱ የላይኛው ሞተር አልነሣ ስላለ ከምድር በተሰጠ ትእዛዝ እንዲፈነዳ ተደረገ፤ ዳይቺ 3ም አብራ ጠፋች። በየካቲት 2024 ሁለተኛውን ጉዞ ሲያደርጉ፣ በውድ ሳተላይት ምትክ ክብደት ብቻ ያለው ማስመሰያና ሁለት ትንንሽ ሳተላይቶች ጫኑ። ሮኬቱ በደኅና ከደረሰ በኋላ ነው በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ሌላዋን ውድ ሳተላይት ዳይቺ 4ን የላኩት። በመጀመሪያው ጉዞ ሊደረግ ይገባው የነበረው ጥንቃቄ በሁለተኛው ተደረገ ማለት ነው።

ወደ ቻይናም ስንመለስ፣ ሎንግ ማርች 8 ከመነሣቱ ከዘጠኝ ወር በፊት ሎንግ ማርች 7ኤ የተባለው ወንድሙ ከዚያው ከዌንቻንግ ጣቢያ የመጀመሪያ ጉዞውን ጀምሮ ጭነቱን ሳያደርስ ቀርቷል። ስለዚህ የኢትዮጵያዋን ትንሽ ሳተላይት በአዲሱ ሮኬት ላይ መጫን አደጋ የሌለበት ነገር አልነበረም። አደጋው ታውቆ፣ ቢደርስም ሊቻል በሚችል መጠን የተደረገ ነበር እንጂ።

እዚህ ላይ ሌላ ወገን ይነሣ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያውን ጉዞ ፈጽሞ መተው፣ ሌሎች ሞክረው ካረጋገጡ በኋላ መግባት አይሻልምን የሚል ነው። ይህም ሐሳብ በንግድ ዓለም ብዙ ደጋፊ አለው፤ ግን ሁልጊዜ ልክ አይደለም። አንደኛ፣ ሁሉም ሌላው ይሞክር ብሎ ከተቀመጠ የሚሞክር አይገኝም፤ አዲስ አጓጓዥም አይፈጠርም፤ ገበያውም ለጥቂት የቆዩ አጓጓዦች ተትቶ ዋጋው እነርሱ እንደ ወደዱት ይሆናል። ሁለተኛ፣ አዲስ አጓጓዥ የመጀመሪያ ደንበኛውን የሚፈልገው ደንበኛው እርሱን ከሚፈልገው ይበልጥ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ዋጋ ይቀንሳል፣ ቦታ ይሰጣል፣ አስተያየትም ያደርጋል። ይህ የመደራደሪያ ጊዜ አጓጓዡ ስሙ ከተጠራ በኋላ አይገኝም።

ስፔስ ኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ታሪክ ለዚህ ማስረጃ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ፋልከን 1 የተባለውን ትንሽ ሮኬቱን ሦስት ጊዜ አስነሥቶ ሦስቱም ጊዜ ሳይሳካለት ቀረ። የመጀመሪያው ጭነት የአሜሪካ አየር ኃይል ተማሪዎች የሠሩት አነስተኛ ሳተላይት ነበር። በመስከረም 2008 በተደረገው በአራተኛው ጉዞ ግን ሮኬቱ ምሕዋሩ ላይ ደረሰ። ዛሬ ይኸው ኩባንያ በዓለም ላይ ከማንም የበለጠ ጭነት ወደ ሰማይ የሚያወጣ ሆኗል። ኩባንያው ራሱም የአዲስ አጓጓዥን ጠባይ በሚገባ ያወቀ መሆኑን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ፋልከን ሄቪ የተባለውን ታላቅ ሮኬቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሣ የደንበኛ ዕቃ ሳይሆን የባለቤቱን የራሱን አውቶሞቢል ጫነ። ቢጠፋ የሚከስም የሚያዝንም ደንበኛ አልነበረም።

ሎንግ ማርች 8ም ከዚያ የመጀመሪያ ጉዞ በኋላ ወደ ኋላ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 በሁለተኛው ጉዞው 22 ሳተላይቶችን አንድ ላይ አደረሰ። በመጋቢት 2024 ደግሞ ቻይና በጨረቃ ጀርባ ለሚደረገው ሥራዋ መልእክት የምታቀባብለውን ሳተላይት ችዌቻዎ 2ን ያለ ሥጋት ጫነችበት። ትንሽ ዕቃ ተሸክሞ የተፈተነው አጓጓዥ በሦስት ዓመት ገደማ ውድ ዕቃ የሚሸከም ሆነ። በመጀመሪያው ቀን አብረውት የነበሩት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ይህ ሁሉ ለሊማሊሞ አገር ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። ከምጽዋ በዓድዋ በኩል ወደ ጎንደር ይወጣ የነበረው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ይህን ገደል ሳይወጣ አያልፍም ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር ሲሄድ ያለፈው በዚሁ በሊማሊሞ ነው። የሲራራ ነጋዴ አሞሌውንና ሸማውን በአንድ በቅሎ ላይ ሁሉ አይከምርም ነበር፤ ገደል የገባች አጋሰስ የያዘችውን ይዛ እንደምትሄድ ያውቃልና ሸክሙን ይከፋፍላል። አዲስ የተገዛችን በቅሎ ደግሞ በዳገቱ ላይ መጀመሪያ በቀላል ሸክም ይፈትናታል እንጂ የቤቱን ሀብት አይጭንባትም።

በኋላም በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የመኪና መንገድ ገደሉን እየተጠማዘዘ ሲወጣ፣ ትሬንታ ኳትሮ ይባል የነበረው የጭነት መኪና የአጋሰሱን ቦታ ወሰደ። አጓጓዡ ተለወጠ፤ ገደሉ ግን አልተለወጠም። ዛሬም ከክረምት ናዳ በኋላ በሊማሊሞ ላይ ዕቃውን የሚያወርድ ነጋዴ መኪናው ማን እንደሆነ፣ ፍሬኑ እንዴት እንደሆነ፣ ሾፌሩም መንገዱን ማወቁን ሳይጠይቅ አይጭንም። የደባርቅ ባለሱቅ አምስት ኩንታል ስኳርና ጥቂት ካርቶን ሳሙና ከጎንደር ለማምጣት ብቻውን መኪና አይከራይም፤ በሌላው ጭነት ላይ ደርቦ ይጭናል። የኢትዮጵያዋም ሳተላይት የተጓዘችው በዚሁ አኳኋን ነው። ደርቦ መጫን ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የመነሻው ቀንና የሚወርድበት ስፍራ የሚወሰነው በዋናው ባለ ጭነት ነው። ደርቦ ጫኚ ይህን አውቆ ነው የሚገባበት።

ጉዳዩ ለዛሬው ነጋዴ የሚያስፈልግበትም ሌላ ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች እየበዙ ነው። የጭነት መኪናም በዚሁ መንገድ መከተሉ አይቀርም። እንዲህ ያለ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ መልሶ ባትሪውን ስለሚሞላና ፍሬኑንም ስለሚያግዝ ለሊማሊሞ ቁልቁለት የሚመች ይመስላል። ዳገቱን ሙሉ ጭነት ይዞ ሲወጣ፣ በብርድ ሌሊት ሲያድር፣ ኃይል የሚሞላበት ቦታ ሲርቅ ግን እንዴት እንደሚሆን የሚያረጋግጠው መንገዱ ራሱ ነው። ይህን የመጀመሪያ ጉዞ የሚያደርግ አንድ ሰው ከአስመጪዎቹ ወይም ከባለሱቆቹ መካከል መነሣቱ የማይቀር ነው። ያ ሰው ከሮኬቱ ታሪክ የሚከተሉትን ቢወስድ ይጠቀማል።

አንደኛ፣ በመጀመሪያ ጉዞ የሚጫን ዕቃ ቢጠፋ ሱቅን የማይዘጋ፣ ብድርን የማያስቀር ይሁን። የዓመቱን ትርፍ በአንድ አዲስ መኪና ላይ የጫነ ሰው ነገደ አይባልም፤ ዕጣ ጣለ ይባላል እንጂ።

ሁለተኛ፣ የቆየውን አጓጓዥ ሳይለቁ አዲሱን መሞከር። ኢትዮጵያ በዓመቱ ልዩነት ሁለት ሳተላይት በሁለት ዓይነት ሮኬት እንደ ላከች፣ ነጋዴም ከአሥር ኩንታል ስምንቱን በለመደው፣ ሁለቱን በአዲሱ ቢልክ ሁለቱንም ለማመዛዘን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከመጫን በፊት የጽሑፍ ውልና መድን ማስገባት። የመድን ድርጅቶች ያልተፈተነ አጓጓዥን ከፍ ባለ ዋጋ የሚመለከቱት ያለ ምክንያት አይደለም። በማጓጓዣው የተቀነሰው ዋጋ በመድኑ ላይ ተጨምሮ ሲገኝ ትርፉ የት እንዳለ አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። በቃል ብቻ የተጫነ ዕቃ ሲጠፋ ባለቤቱ ምስክር ፍለጋ በየፍርድ ቤቱ ይንከራተታል።

አራተኛ፣ ጥፋት ሲደርስ ምክንያቱን መጠየቅ እንጂ አጓጓዡን ለዘለዓለም አለመሸሽ። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2013 ከቻይና ጋር የሠራችው ሳተላይት በሎንግ ማርች 4ቢ ላይ ተጭኖ ሲጠፋ፣ ምክንያቱ ተመርምሮ ከታረመ በኋላ በዓመቱ ቀጣዩን በዚያው ሮኬት ላይ ጫነች፤ ደረሰም። የኢትዮጵያዋም የመጀመሪያ ሳተላይት የተጓዘችው በዚሁ በሎንግ ማርች 4ቢ ላይ፣ ከሌላ የብራዚልና የቻይና ሳተላይት ጋር አብራ ተጭና ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ድሪምላይነር የተባለውን አዲስ አውሮፕላን በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ከአፍሪካ ሁሉ ቀድሞ ተረክቦ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ በባትሪው ችግር ምክንያት አውሮፕላኑ በዓለም ሁሉ እንዳይበር ታገደ። ችግሩ ታርሞ ሲፈቀድም በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. መንገደኛ ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ወደ በረራ የተመለሰው ይኸው አየር መንገድ ነበር።

አምስተኛውና ዋናው፣ ሰው ዕቃ አለመሆኑን ማወቅ ነው። ስኳር ቢፈስ ይተካል፤ ሳተላይትም ቢጠፋ ይሠራል። በጭነት ላይ ሰው አሳፍሮ ባልተፈተነ ተሽከርካሪ ገደል ማውረድ ግን በማንኛውም ሒሳብ ትክክል ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 አዲሱ የቻይና ሮኬት ሎንግ ማርች 3ቢ በመጀመሪያ ጉዞው በተነሣ 22 ሴኮንድ ውስጥ ከኮረብታ ጋር ተጋጭቶ፣ የተጫነበትን ውድ የመገናኛ ሳተላይት ብቻ ሳይሆን በአቅራቢያው የነበሩ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። ሳተላይቱን የላከው ድርጅት ሌላ ሳተላይት ለመላክ ችሏል፤ የሞቱትን ግን ሊመልስ የሚችል አልተገኘም።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ስለ ማጓጓዝ ነው። ይሁን እንጂ ማጓጓዝ የንግድ ግማሹ ብቻ ነው። ዕቃው መድረሱ ብቻ ትርፍ አይሆንም፤ ትርፍ የሚሆነው ተራግፎ ገበያ ላይ ሲውል ነው። ሮኬቱ አጓጓዥ፣ ሳተላይቷም ዕቃ የምትሠራ ቤት ናት፤ ዕቃው ራሱ ፎቶግራፉ ነው። ያ ፎቶግራፍ በእንጦጦ ከተተከለው መቀበያ ጣቢያ አልፎ እስከ ደባርቅ ገበያ ካልደረሰ፣ ጭነቱ በመጋዘን ቀረ ማለት ነው።

ፎቶግራፉ ለዚህ አገር ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው መልሱ ቀርቦ ይታያል። ከወገራና ከዳባት ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚሰበስብ ነጋዴ የዓመቱን ምርት የሚገምተው በወሬና በገበያ ቀን ብዛት ነው። የአውሮፓ አገሮች ያወጡት ሴንቲነል 2 የተባለው የሳተላይት ወገን የምድርን ፎቶግራፍ በየአምስት ቀኑ ለማንም ያለ ዋጋ ይሰጣል። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ አንድ ነጥብ በ10 ሜትር በ10 ሜትር ልክ ስለሆነ፣ ሩብ ሄክታር የሚሆን አንድ ጥማድ መሬት በ25 ነጥቦች ይታያል። አዝመራው መድረቁን ወይም መለምለሙን ለመለየት ይህ ይበቃል። ነጋዴ ከመኸር በፊት ይህን ቢያውቅ ገንዘቡን በጊዜው ያዘጋጃል፤ ገበሬውም ያለ ዋጋ ከመሸጥ ይድናል።

ስለ ሊማሊሞም መንገድ እንደዚሁ ነው። መንገዱን የሚዘጋው ናዳ የሚበዛው በክረምት ነው፤ በክረምት ደግሞ ተራራው በደመና ስለሚሸፈን ተራ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሳተላይት ምንም አያይም። ደመናን አልፎ የሚያይ ራዳር ያለው ሳተላይት ግን አለ። እንዲያውም ታኅሣሥ 13 ቀን ከኢትዮጵያዋ ሳተላይት ጋር በአንድ ሮኬት ከተጫኑት አንዱ ሃይሲ 1 እንዲህ ያለ ራዳር የያዘ የቻይና ሳተላይት ነበር። ሴንቲነል 1 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይትም ራዳሩን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ያለ ዋጋ ለዓለም ሲያካፍል ቆይቷል። በየክረምቱ የገደሉን አፈር መንቀሳቀስ በራዳር የሚከታተል አንድ ባለሙያ ቢመደብ፣ ከናዳ በፊት ሊነገር የሚችል ነገር ይገኝ ይሆናል፤ ቢያንስ የትኛው ጠመዝማዛ ከሌላው ይበልጥ እንደሚያሰጋ ይታወቃል።

ስለዚህ የሰሜን ጎንደር ነጋዴዎች በንግድ ምክር ቤታቸው በኩል ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ። የሳተላይቱን ሥራ ዛሬ የያዘው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው። ምክር ቤቱ ለዚህ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ቢያመለክት፣ ከሐምሌ እስከ ኅዳር ድረስ በየወሩ አንዲት ገጽ ብቻ እንዲያወጣለት ቢጠይቅ፣ ልመናው ከባድ አይደለም። በገጿ ላይ የዳባት፣ የደባርቅና የወገራ አዝመራ ሁኔታና የሊማሊሞ መንገድ ሥጋት ቢጻፍ፣ ለባለሱቁም ለሾፌሩም ለገበሬውም ትጠቅማለች። ለዚህ የሚሆን አዲስ ሳተላይት ማስነሣት አያስፈልግም፤ ያለ ዋጋ የሚገኘውን ፎቶግራፍና የአገሩን ባለሙያ ማገናኘት ይበቃል። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በዚህ ሥራ ቢሳተፉ ትምህርታቸው ከገበያ ጋር ይተዋወቃል።

«ድኻ አገር ሮኬት ምን ያደርግለታል» የሚለው ነቀፋ መልስ የሚያገኘውም በዚህ ብቻ ነው። ነቀፋው ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። ሳተላይት ተላከ ተብሎ ከበሮ ተመትቶ፣ ፎቶግራፉ ግን ለማንም ሳይደርስ ቢቀር ነቃፊው ትክክል ይሆናል። ፎቶግራፉ አንድ የጭነት መኪና ከናዳ ቢያድን፣ ወይም አንድ ገበሬ ገብሱን ያለ ዋጋ ከመሸጥ ቢያድነው ግን ወጪው ሥራ ሠርቷል። ሒሳቡ የሚዘጋው በማስነሻው ጣቢያ አይደለም፤ በገበያው ነው።

ኢትዮጵያ በአዲስ አጓጓዥ ላይ ትንሽ ጭነት አስቀድማ ማስገባቷ የብልህ ነጋዴ አሠራር ነበር። አሁን የቀረው ዕቃውን ማራገፍ ነው። ይህም የሊቃውንቱ ሥራ ብቻ ሳይሆን ዕቃው የሚፈለግበትን ገበያ የሚያውቀው የነጋዴውም ሥራ ነው። የሚቀጥለው ክረምት ሊማሊሞን በደመና ከመሸፈኑ በፊት ማመልከቻው ቢጻፍ ጊዜው አያልፍም።